ጎንዳንግ ሳይጠየቅ አይመታም

ውድ ማንጋራ፣

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ፌስቲቫሉን ከመንደራችን አንስተህ ከሐይቁ ማዶ ወዳለው ትልቅ ሆቴል ልታዛውረው እንደወሰንክ ጽፈሃል። ምክንያትህ የጎንዳንግ ከበሮ መቺዎቻችን በእንግዶች ፊት አዋረዱኝ የሚል ነው። ያሳደግሁህ አክስትህ ነኝና መልሴን ሳላለዝብ እጽፋለሁ።

አስቀድሜ እውነቱን ልመስክር። ፌስቲቫሉን ያመጣኸው አንተ ነህ። ከዚያ በፊት የደሴታችን የሳሞሲር ወጣት ሥራ ፍለጋ ወደ ባታም ከተማ ሲጎርፍ፣ እኛ አሮጊቶች ባዶ ቤት እንጠርግ ነበር። ዛሬ ለእንግዳ የማከራያቸው ክፍሎቼ አንሶላ ከገመድ ላይ አይወርድም። የጎረቤቴ የሮስፒታ ዓሣ ከድስቱ ሳይወጣ ያልቃል፤ ልጆቿም ተመልሰው እንግዳ በጀልባ ያሻግራሉ። ስለዚህ የምትወስድብን ምን እንደሆነ በደንብ አውቃለሁ።

የዚያን ቀን የሆነውን ግን ከሌላ ሰው ነው የሰማኸው፤ አሁን ከእኔ ስማ። የአባትህ ቤት ግቢ ጢም ብሎ ሞልቷል። ከሜዳን ከተማ ያመጣሃት አስተዋዋቂ የመቺዎቹን ስም ጠራች፤ ሕዝቡ አጨበጨበ። አያ ቦንጋልና ጓደኞቹ ግን እጃቸውን ጭናቸው ላይ አሳርፈው ተቀመጡ። ልጅቷ ጎንበስ ብላ፣

«አባቶቼ፣ ማይኩ ተበላሸ እንዴ?» አለች።

«ማይኩስ ደህና ነው። ጠያቂው ነው የጠፋው» አላት አያ ቦንጋል።

«የምን ጠያቂ? ፕሮግራሙ ላይ ስማችሁ አለ እኮ።»

«የሠርግ ካርድ ላይ ስምሽ ስለወጣ ብቻ፣ ሽማግሌ ሳይላክብሽ ታገቢያለሽ?»

ሕዝቡ ሳቀ። እሷም ሳቀች፤ ምን ማድረግ እንዳለባት ግን አላወቀችም። በእሷ አልፈርድም። አንተ ግን አባትህ ሩዝ በሰሐን ይዞ፣ ከመቺዎቹ ፊት ቆሞ፣ በአክብሮት ሲጠይቃቸው እያየህ ነው ያደግኸው። የድግሱ ባለቤት ካልጠየቀ ጎንዳንግ አይመታም።

ያኔ ደወልክልኝ።

«አክስቴ፣ በናትሽ ጀምሩ በያቸው! ስፖንሰሮቹ እያዩ ነው።»

«ባለቤቱ አንተ ነህ። መጥተህ ጠይቃቸው።»

«ከእንግዶች ጋር ምሳ ላይ ነኝ እኮ።»

«እንግዲያው ምሳህን ብላ» ብዬ ዘጋሁት። እንደገና ብትደውልም ያንኑ እልሃለሁ።

ከሕዝቡ መሃል ባለጀልባው ጆንጊ ተነሣ። የጎሳችን ልጅ ነውና በባለቤቱ ቦታ መጠየቅ ይችላል፤ እጁ በሞተር ዘይት ጠቁሯል።

«ጆንጊ፣ ጀልባህን አስረሃል?» አለው አንዱ።

«አላሰርኩም፤ ስለዚህ አታስቆሙኝ።»

ከሮስፒታ ሩዝ ተቀብሎ ከመቺዎቹ ፊት ቆመ። «አባቶቼ፣ ጣቶቻችሁ ይባረኩ። ለቤታችንና ለእንግዶቻችን የመጀመሪያውን ምቱልን» አለ። መቱ።

ሰዎችህ ሰዓታቸው አለቀ ብለው ድምፅ ማጉያውን ዘጉት። የተጀመረ ጎንዳንግ በመሃል አይቆረጥምና እነሱ ቀጠሉ። ከኋላ የነበሩት እንግዶች፣ ፈረንጁም የጃካርታውም፣ ለመስማት ወደፊት መጥተው መሬት ላይ ተቀመጡ። አንድም ሰው አልወጣም። ያ ዝነኛ ዘፋኝህ ሰዓቱ እንደተበላበት ሰምቻለሁ። አዝኛለሁ፤ ይቅርታ ግን አልጠይቅም። ሰው ሐይቅ ተሻግሮ የሚመጣው ሆቴል ውስጥ የማይገኘውን ፍለጋ ነው።

ስለዚህ ፌስቲቫልህን ውሰድ። መድረኩንም መብራቱንም ውሰድ። እኛ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ተሰብስበን መክረናል። በመጪው ዓመት በዚያው ቅዳሜ፣ በዚሁ ግቢ ጎንዳንግ ይመታል። የድግሱ ባለቤት ጆንጊ እንዲሆን መርጠናል፤ ተቃውሞ አልነበረም። ከዘንድሮዎቹ እንግዶች አራት ቤተሰብ ከአሁኑ ክፍል ያዙልኝ። ሌሎቹ ክፍሎች ባዶ ሊቀሩ ይችላሉ፤ ይቅሩ። ባዶ ቤት መጥረግ እንደሆነ አልረሳሁም።

የአባትህ ቤት ነውና በሩ አይዘጋብህም። ብትመጣ ግን እንግዳ ነህ። እንደ እንግዳ ምንጣፍ ላይ ትቀመጣለህ፤ ሲመታም ዝም ብለህ ትሰማለህ። ጀልባው ጠዋት ይነሣል፤ ማንንም አይጠብቅም።

አክስትህ ቲዮሊና