አርባ አንዱንም ቤት አስገብተው ያረፉት ወይዘሮ ፑንኮዲ

ለማኅበራችን አባላት፣ ለሆስፒታሉ ሠራተኞችና ለሴማንፑራም ከተማ ነዋሪዎች በሙሉ፤

የሴማንፑራም የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል የታማሚ ቤተሰቦች ማኅበር፣ የሆስፒታሉ የቀድሞ ማትሮን ማለትም የነርሶች አለቃና የግቢው መልሶ ግንባታ ኮሚቴ ሰብሳቢ የነበሩት ወይዘሮ ፑንኮዲ ራማሊንጋም፣ ሰኞ ኦክቶበር 28 ቀን 2024 (እ.ኤ.አ.) በተወለዱ በሰባ አንድ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት መለየታቸውን የሚገልጸው በጥልቅ ሀዘን ነው። የኩላሊት ሕመም ሦስት ወር አስተኝቷቸው ነበር። በመጨረሻው ቀን ግን ሳይጨነቁ፣ ልጃቸው ፀጉራቸውን እያበጠረችላቸው አረፉ።

ሀዘናችን እፎይታ አለበት ብንል ቤተሰባቸው አይቀየመንም ብለን እናምናለን፤ ልጃቸው ራሷ ያንኑ ቃል ተናግራለችና። ወይዘሮ ፑንኮዲ ላለፉት ስምንት ዓመታት እንቅልፍ የነሳቸው አንድ ፍርሃት ነበር። አሮጌው ግቢ ፈርሶ እስኪሠራ ድረስ በውስጡ የሚኖሩት ሰዎች በየከተማው ይበተናሉ፣ አንዴ ከተበተኑ ደግሞ የሚሰበስባቸው አይገኝም ብለው ይሰጉ ነበር። ሃያና ሠላሳ ዓመት እዚያው የኖሩ፣ ብዙዎቹም የሚጠይቃቸው ዘመድ የሞተባቸው ወይም የጠፋባቸው ሰዎች ናቸው። የፈሩት አልደረሰም። አለመድረሱንም በዓይናቸው አይተው ሄዱ። ይህን ላደረገ ፈጣሪ ምስጋና ይግባው።

በ1975 ወይዘሮ ፑንኮዲ በተለማማጅ ነርስነት ተቀጠሩ። ሠላሳ ስድስት ዓመት አገልግለው በ2011 በማትሮንነት ጡረታ ወጡ። ታማሚ በአልጋ ቁጥር ብቻ በሚጠራበት ዘመን እሳቸው የሰውየውን ስም፣ የአባቱን ስምና የመጣበትን መንደር ያውቁ ነበር። ሁሉም “አካ” ይላቸዋል፣ ታላቅ እህት ማለት ነው። በዕድሜ የሚበልጧቸውም እንዲሁ ይሏቸው ነበር፤ እሳቸውም አቤት ይላሉ።

በ2015 የክረምቱ ዝናብ የሦስተኛ ዋርድን ጣሪያ አፈረሰው። ሰዎቹ ምሳ ላይ ስለነበሩ ማንም አልተጎዳም። ጣሪያው ለጊዜው ተጠገነ፤ ግቢው በሙሉ ፈርሶ እንዲሠራ የተወሰነው ከዚያ በኋላ ነው።

በ2016 የወጣው ዕቅድ አርባ ስድስቱን ነዋሪዎች በአምስት ከተሞች አከፋፍሎ፣ ግንባታውን በአራት ዓመት ለመጨረስ የታሰበ ነበር። ወይዘሮ ፑንኮዲ ጡረተኛ ናቸው፣ የጠራቸውም የለም፤ ጃንጥላቸውን ይዘው ስብሰባው ላይ ተገኙ። ስብሰባውን የሚመሩት ሰው፣

“እናታችን፣ እርስዎ ጡረታ ወጥተው የለም እንዴ?” አሏቸው።

“እኔ ወጥቻለሁ። እነሱ አልወጡም” ብለው ተቀመጡ።

ያቀረቡት ሐሳብ አንድ ዋርድ ብቻ ባዶ ይደረግ፣ ይፍረስ፣ ይሠራ፣ ሰዎቹ ይግቡበት፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው ይታለፍ የሚል ነው። ስንት ዓመት ይፈጃል ተብለው ሲጠየቁ ስምንት አሉ። አዳራሹ ሳቀ። “በአራት የሚያልቀውን?” ቢሏቸው፣ “ሠላሳ ዓመት ለጠበቀ ሰው አራት ዓመት ምን አላት፤ የቸኮላችሁት እናንተ ናችሁ” ብለው መለሱ።

በዚሁ ዓመት ማኅበራችን የሠራውን እዚህ ላይ መዝለል አይገባም። ከሰባ አባላታችን ስልሳ ሦስታችን የወይዘሮ ፑንኮዲን ሐሳብ ተቃውመን አቤቱታ ፈርመናል። ምክንያታችን የግንባታው አቧራና የሚወድቅ ድንጋይ እንደሆነ ጽፈናል። አቧራውም ድንጋዩም ውሸት አልነበረም። ነገር ግን ልባችንን ስንመረምር ሌላም ነበረበት። ዋርዱ ቤት ከመሰለ፣ ሰዎቹም ደህና ከሆኑ፣ አንድ ቀን “በሉ እንግዲህ ሰዎቻችሁን ውሰዱ” እንባላለን ብለን ፈርተን ነበር። ይህን በወረቀቱ ላይ አላሰፈርንም። ወይዘሮ ፑንኮዲ አቤቱታውን ሲያነቡ ነገሩ የገባቸው ይመስለናል፤ ወደ ጽሕፈት ቤታችን መጥተው፣ “ማንም ውሰዱ አይላችሁም። መጥታችሁ ጠይቋቸው፣ ሌላ ምንም አልፈልግባችሁም” አሉን። በዓመቱ አርባ ሰው ፊርማውን አነሣ። ቀሪው ዝም አለ። ከዝምተኞቹ አንዱ የዚህ መግለጫ ጸሐፊ ነው፤ ባለቤቱ በዚያን ጊዜ ሁለተኛ ዋርድ ነበረች።

በ2017 ፈቃዱ ተሰጠ። ኮሚቴው ሦስት ሰው ነበረው፤ ሰብሳቢዋ ወይዘሮ ፑንኮዲ፣ መሐንዲሱ አቶ ኢላንጎ፣ የግንበኞቹ አለቃ አቶ አንቶኒሙቱ።

በ2018 የመጀመሪያው ዋርድ መሠረት ሊቆፈር ሲል ወይዘሮ ፑንኮዲ አንድ ልማድ አስጀመሩ፤ እስከ መጨረሻው ዋርድም አልቀረም። ቁፋሮ ከመጀመሩ በፊት የቤቱ ፕላን በሙሉ ልኩ መሬት ላይ በችካልና በሲባጎ ይወጠራል፣ በሲባጎውም ላይ ኖራ ይነሰነሳል። ከዚያ የሚኖሩበትም፣ ተራቸውን የሚጠብቁትም ሰዎች አንድ ሳምንት ሙሉ በመስመሩ ውስጥ ይመላለሳሉ። አንዱ አልጋዬ እዚህ አይሆንም ይላል፤ አንዷ መስኮቱ የውሃ ጉድጓዱን ያሳየኝ ትላለች። አቶ ኢላንጎ መጀመሪያ ላይ፣ “አካ፣ እኔ አምስት ዓመት የተማርኩት ኖራ ላይ ሽርሽር ላስኬድ ነው?” ይሉ ነበር። እሳቸውም፣ “አምስት ዓመት ተምረሃል፣ አንድ ቀን ግን እዚህ አላደርክም” ይሏቸዋል።

በዚያ ሳምንት መጨረሻ ላይ የደረሰውን ስህተት ከተማው ሁሉ ያወራዋል፣ አንዳንዱም አዛብቶ ነው፤ ስለዚህ እንደሆነው እናሰፍረዋለን። በሦስተኛ ዋርድ ለሃያ ሁለት ዓመት የኖሩት ወይዘሮ ፔቺያማል ብዙም የማይናገሩ ሴት ናቸው። በየማለዳው ግን፣ ማንኛዋም የቤት እመቤት እንደምታደርገው፣ ከዋርዱ ፊት ያለውን መሬት ጠርገው ውሃ ይረጩና በነጭ ዱቄት ኮላም የሚባለውን የደጃፍ ጌጥ ይሥላሉ፤ ነጥብ በነጥብ፣ ጥምዝምዙን እያዞሩ። የዚያን ቀን ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ዱቄታቸውን ትተው ያልተከደነ የኖራ ከረጢት አገኙ። ኮላማቸውንም በአሮጌው ዋርድ ፊት ሳይሆን በኖራ በተሰመረው ቤት ፊት፣ ከዳር እስከ ዳር ሣሉት። የቀን ሠራተኞቹ ፀሐይ ሳይበረታ ለመጨረስ አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ዶማቸውን ይዘው መጡ። ኖራ አዩ፤ ቆፈሩ። አቶ ኢላንጎ በሦስት ሰዓት ሲደርሱ ኮላሙ ጉልበት የሚደርስ ቦይ ሆኖ ጠበቃቸው።

“ይሄን ማን ቆፈረው? መሠረት ነው ወይስ የእባብ መንገድ?”

አቶ አንቶኒሙቱ፣ “እኛ ኖራ አየን፣ ቆፈርን። ኖራ ላይ ፊርማ የለ” አሉ።

“ግድግዳ እንደዚህ ሲዞር አይተህ ታውቃለህ?”

“አንተ የሣልከው መስሎኝ ነዋ። የተማረ ሰው የሚሥለውን እኔ ምን አውቃለሁ?”

ሠራተኞቹ ፊታቸውን አዙረው ሳቁ። ወይዘሮ ፑንኮዲ ግን ወይዘሮ ፔቺያማልን ፈልገው አጠገባቸው ቁጢጥ አሉና፣ “ፔቺያማ፣ ይሄ ምንድን ነው?” አሏቸው።

“ደጃፍ ነው” አሉ ወይዘሮ ፔቺያማል።

“እዚህ ደጃፍ የለም እኮ።”

“እሱን ነው የምልሽ። ሳምንቱን ሙሉ ፈለግሁት። በየት ነው የሚገባው?”

አቶ ኢላንጎ ፕላኑን ዘረጉት። እውነትም ደጃፍ አልነበረውም። ዋርዶቹ ሁሉ የሚከፈቱት ወደ አንድ ረጅም ኮሪደር ነው፤ ኮሪደሩ ዳር አንድ የብረት በር አለ፣ ቁልፉም በተረኛው ወገብ ላይ። በአሮጌው ግቢ መቶ ዓመት የኖረው አሠራር ሳይታወቅ ወደ አዲሱ ወረቀት ተገልብጦ ነበር። ወይዘሮ ፑንኮዲም ራሳቸው ሠላሳ ስድስት ዓመት ያንን ቁልፍ ታጥቀው ስለኖሩ አላስተዋሉትም። “እኔም አላየሁትም” አሉ፣ ሠራተኞቹ እየሰሙ።

ቦዩ እንዳይደፈን የወሰኑት ያን ጊዜ ነው። በሌላ ግቢ ቢሆን ተደፍኖ፣ የቆፈረውም ተገሥጾ ያልቅ ነበር። ቦዩ በድንጋይ ተሞልቶ በቤቱ ፊት እንደ ኮላሙ የዞረ መቀመጫ መደብ ሆነ፤ ኮሪደሩ ከፕላኑ ወጣ፤ እያንዳንዱ ዋርድ ወደ ምሥራቅ የሚከፈት፣ ከውስጥ የሚዘጋ የራሱ በር ተሠራለት። ፕላኑን ለማስለወጥ አሥራ አራት ወር ወስዷል። አቶ ኢላንጎ በዚያ አሥራ አራት ወር ውስጥ ለእያንዳንዱ ቢሮ ያስረዱ የነበረው ራሳቸው ናቸው።

በ2020 ዓለም አቀፉ ወረርሽኝ አገር ሲያዘጋ ሥራው ቆመ። አሥራ ዘጠኝ ግንበኞች ወደየመንደራቸው መሄድ ስላልቻሉ ግቢው ውስጥ ሰባት ወር ኖሩ። ከታማሚዎቹ ጋር ከአንድ ድስት በሉ። ከዚያ ወዲህ ግንበኞቹ “እብዶቹ” ሲሉ አልተሰማም፤ በስም ይጠሯቸዋል።

በእነዚህ ስምንት ዓመታት ከአርባ ስድስቱ አምስቱ በዕድሜና በሕመም አርፈዋል። የጸሐፊው ባለቤትም ከአምስቱ አንዷ ነች። አምስቱም የሞቱት ስማቸውን በሚያውቅ ሰው እጅ፣ በሚያውቁት ግቢ ውስጥ ነው። አቤቱታችን ተቀባይነት አግኝቶ ቢሆን ኖሮ የት ይሞቱ እንደነበር፣ ማንስ ይነግረን እንደነበር አናውቅም። ይህን እያሰብን በየጸሎታችን እናመሰግናለን፤ እናፍራለንም።

ኦክቶበር 9 ቀን 2024 የሦስተኛ ዋርድ የመጨረሻዎቹ ስድስት ሰዎች ወደ አዲሱ ቤት ገቡ። ወይዘሮ ፑንኮዲ በተሽከርካሪ ወንበር ተገፍተው መጡ። ወይዘሮ ፔቺያማል ግድግዳውን በመዳፋቸው እየዳሰሱ ቤቱን ዞሩና፣ “ወለሉ ያዳልጣል” አሉ። አቶ አንቶኒሙቱ፣ “አመስግኚ እንጂ እማማ፣ ስምንት ዓመት ነው የደከምነው” ቢሏቸው፣ “አመሰግናለሁ። ወለሉ ግን ያዳልጣል” ብለው መለሱ። ወይዘሮ ፑንኮዲ ሳቁ፤ ሳቁ ሳል ሆነባቸው። ወለሉ በማግስቱ እንዳያዳልጥ ተቧጨረ። ወይዘሮ ፑንኮዲ የዚያን ዕለት ለልጃቸው፣ “አሁን የሚያስቸኩለኝ ነገር የለም” ማለታቸውን ሰምተናል። ከዚያ አሥራ ዘጠኝ ቀን ኖሩ።

የሽኝት ሥርዓታቸው ማክሰኞ ኦክቶበር 29 ቀን ተፈጽሟል። ቤተሰባቸው አስከሬኑን በሆስፒታሉ በር በኩል ለማሳለፍ ፈቃደኛ ስለሆነ ማኅበራችን በዚህ አጋጣሚ ያመሰግናል። በሩ ክፍት ነበር። አርባ አንዱም ወጡ። በአካባቢያችን ልማድ መሠረት ሃያ አራቱ ሴቶች እስከ መንገዱ መታጠፊያ ሸኝተው ቆሙ፤ አሥራ ሰባቱ ወንዶች ከሌላው ሰው ጋር እስከ አስከሬን ማቃጠያው ድረስ ሄዱ። ሰው ይጠፋብናል ብለን ከኋላ ለመቁጠር የተመደብን የማኅበሩ አባላት ነበርን። ሴቶቹ ከመታጠፊያው ማንም ሳይመራቸው ተመለሱ፤ ቆጠርናቸው፣ ሃያ አራት ናቸው።

ሆኖም ቤት አልገቡም፤ ደጁ ላይ ቆሙ። ተረኛዋ ነርስ ወይዘሪት ቴንሞዚ፣ “ግቡ እንጂ እናቶቼ፣ ሩዙ ቀረበ እኮ” አሏቸው።

“አስከሬን ሸኝተን ነው የመጣነው” አሉ ወይዘሮ ፔቺያማል።

“አውቃለሁ እማማ። በልታችሁ ትታጠባላችሁ።”

“ሳይታጠቡ ቤት ይገባል? ማን ነው ያሳደገሽ?”

“እዚህ እኮ ሆስፒታል ነው፤ ግድ የለም።”

“ሆስፒታሉ ያውልሽ” ብለው የምርመራውን ሕንፃ በአገጫቸው አሳዩ። “ይሄ ቤቴ ነው።”

ከዚያ በግቢው ቧንቧ ሥር ተሰለፉ። ሁሉም እንደለበሱ በየተራ ከራሳቸው ላይ ውሃ አፈሰሱ። ውሃ እየነጠበባቸው አንድ በአንድ በየበራቸው ገቡ። ወንዶቹ ከአንድ ሰዓት በኋላ ሲመለሱ ማንም ሳይነግራቸው ወደ ቧንቧው ሄዱ፤ አሥራ ሰባት ናቸው። እኛ ልንቆጥር የተመደብነውም ቆጠራውን ትተን ከኋላቸው ተሰለፍን። ወይዘሪት ቴንሞዚ ሩዙን እንደገና አሞቁት።

ማኅበራችን ለወይዘሮ ፑንኮዲ ልጅ፣ ለልጅ ልጆቻቸው፣ ለአቶ ኢላንጎ፣ ለአቶ አንቶኒሙቱና ለግንበኞቻቸው፣ ለሆስፒታሉ ሠራተኞች በሙሉ መጽናናትን ይመኛል። “ለቤተሰባቸው” ስንልም እነዚያን አርባ አንድ ሰዎች ጨምረን ነው፤ ሀዘንተኞች ናቸውና የምትችሉ ሁሉ እየመጣችሁ አጽናኗቸው። አድራሻቸው የታወቀ ነው፤ በራቸውም ከውስጥ ስለሚዘጋ አንኳኩታችሁ ግቡ።

የሴማንፑራም የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል የታማሚ ቤተሰቦች ማኅበር
ስለ ማኅበሩ፣ ጸሐፊው ዴቫሳሃያም
ኖቬምበር 2 ቀን 2024