ወንበራቸው ላይ ዕድሜ የማይቆጥሩት ዶክተር ፒዮ ማልሱክ

ዶክተር ፒዮ ማልሱክ ከአባታቸው ከአቶ ፒዮ ቻንግዶና ከእናታቸው ከወይዘሮ ታክ ኡልሬ፣ በደቡብ ኮሪያ የወደብ ከተማ በቶንግዮንግ፣ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1950 ተወለዱ። ረጅም ንግግር አይወዱም ነበርና ይህ የሕይወት ታሪካቸውም አጭር ነው። ትምህርታቸውን እዚያው ጀምረው በ1975 ሴኡል ውስጥ በጥርስ ሕክምና ተመረቁ። በ1977 ሰው ሠራሽ ጥርስ ከሚሠሩት ከአቶ ኮ ሳምሆ ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ሴቶች ልጆች አፈሩ። በ1979 ከዓሣ ገበያው ፊት ለፊት ክሊኒካቸውን ከፈቱ።

በ1981 የደረቅ ዓሣ ነጋዴዋ ወይዘሮ ማ ቦክሲል ጉንጫቸውን ይዘው መጡ። የታች መንጋጋ ጥርሳቸውን በጣታቸው እየጠቆሙ «ይህን ንቀይልኝ፣ ቶሎ በይ፤ የዓሣ ጨረታው ሊጀመር ነው» አሉ። ዶክተር ፒዮ ራጅ ማንሳት ፈልገው ነበር። ሆኖም ሴትዮዋ በእናታቸው ዕድሜ ነበሩ፤ ዶክተሯም ከታላቅ ጋር መከራከር አልደፈሩምና ነቀሉት። ጥርሱ ሲወጣ ጤነኛ ነበር።

በማግስቱ ወይዘሮ ማ ተመልሰው «ይኸው፣ ደግሞ የላይኛው ቀንቶ ተነሣብኝ» ብለው ሳቁ። ራጁ ሲነሣ የትናንቱም ሕመም ከላይኛው ጥርስ የመጣ መሆኑ ታወቀ። አቶ ኮ ባለቤታቸውን ወደ ጓዳ ጠርተው «የላይኛውን አክሚና ዝም በይ። ገበያው ይህን ከሰማ አለቀልን» አሏቸው። ልክ ነበሩ። ዶክተር ፒዮ ግን ወጥተው «እማማ፣ ትናንት የነቀልኩት ጤነኛ ነበር። ሳላይ ነው የነቀልኩት፤ ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉ።

«ታዲያ መልሰሽ ትከይው!» ብለው ጮኹ ወይዘሮ ማ። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ገበያው ሁሉ ሰማ።

ሦስት ወር ሙሉ ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሰው አልነበረም። በአራተኛው ወር ወይዘሮ ማ ምራታቸውን እየጎተቱ ገቡ። «ተቀመጪ! ይቺ ብትሳሳት ትነግርሻለች። የሌሎቹን ሐኪሞች ስሕተት በምን አውቄ?»

ከዚያ ወዲህ፣ ዶክተር ፒዮ በ2019 ጡረታ እስኪወጡ፣ ማንም ሽማግሌ በጣቱ ጠቁሞ ጥርስ አላስነቀላቸውም። «ወንበሬ ላይ የተቀመጠ ሁሉ እኩያዬ ነው» ይሉ ነበር። ብዙዎች ባለጌ ብለዋቸዋል፤ የብዙዎቹ ጥርስ ግን ዛሬም አፋቸው ውስጥ ነው።

በ2023 የቆሽት ካንሰር ያዛቸው። ወጣቱ ሐኪም አንገቱን ደፍቶ ስለ ሕክምናቸው «እርስዎ እንዳሉ ይሁን» ሲላቸው «ልጄ፣ እኔ ስላልኩህ እንዳታደርግ። ያየኸውን ንገረኝ» አሉት። ነገራቸው። አመሰገኑት።

ዶክተር ፒዮ መጋቢት 9 ቀን 2024 በ73 ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸውና ሦስት የልጅ ልጆቻቸው ዛሬ ይሸኟቸዋል፤ እኒያ እየተጎተቱ የገቡት የወይዘሮ ማ ምራትም ከፊት ረድፍ ተቀምጠዋል። አምላክ ነፍሳቸውን እውነት በማያስፈራበት ስፍራ ያኑርልን።