ላልተዘጋ ሱቅ የተዘጋጀ መታሰቢያ

ለክቡር ሚስተር ክላይቭ ኦርመሮድ፣
የሃርዝዌል ከተማ ምክር ቤት የገበያ መንገድ ማነቃቂያ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ በበጎ አድራጎት ሩጫው ላይ ለፎቶ ብቻ ሲሮጡ የተጎዳው ጉልበትዎ እንደተሻለው፣ ባለቤትዎም በልደት ስጦታቸው እንደተደሰቱ ተስፋ አደርጋለሁ። ወደ ስጦታው ኋላ ላይ እመለስበታለሁ።

ወደ አቤቱታዬ ከመግባቴ በፊት ግን በፊትዎ ንጹሕ ሆኜ መቆም ስለሚገባኝ አንድ ጥፋቴን እናዘዛለሁ። እኔ ዴሊያ ክሮፐር፣ ዕድሜዬ አሥራ አምስት፣ አእምሮዬ ሙሉ (የሒሳብ አስተማሪዬ ባይስማሙም)፣ በሚስተር ኖርማን ግሪምሾ የሙዚቃና የፊልም ሱቅ ውስጥ አንድ የዘፈን ሸክላ ከቦታው አንሥቼ የከሰል ማዕድን ሠራተኞች የማርሽ ባንዶች ከተደረደሩበት ሣጥን ውስጥ ደብቄአለሁ። ይኸው አሥራ አንድ ወር ሆነው። አልሰረቅኩትም፤ የኪስ ገንዘቤ እስኪደርስለት ሌላ ሰው እንዳይወስደው ብዬ ነው። ቦታውንም አስቤበት ነው የመረጥኩት፤ በከተማችን የማንም እጅ የማይደርስበት ስፍራ ቢኖር የማርሽ ባንድ ሣጥን ነው። ባለፈው ግንቦት አንድ ሸክላ ሰብሳቢ ከማንችስተር ድረስ መጥቶ ያንኑ ሸክላ በስሙ ጠርቶ ሲጠይቅ፣ ሚስተር ግሪምሾ ሱቁን ሙሉ አገላብጠው «የለም፣ ጠፍቷል» ብለው ሲመልሱት ቆሜ አይቻለሁ። በመደበቅ ችሎታዬ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

ሸክላው የብስኩት ፋብሪካችን አራት ሴት ሠራተኞች ከአርባ ዓመት በፊት ያስቀረጹት ነው። ኢንተርኔት ላይ ፈልጌዋለሁ፤ የለም። ሦስተኛው ዘፈን የከተማውን የመዋኛ ገንዳ ስላዘጉ አንድ የምክር ቤት ሰብሳቢ የተዘፈነ ሲሆን፣ ክቡር አባትዎ በስማቸው ተጠርተውበታል።

አሁን ወደ አቤቱታዬ።

አንደኛ፦ በሱቁ መስታወት ላይ ያስለጠፉት ማስታወቂያ፣ ወጣቱ ትውልድ ስልኩ ውስጥ ተቀብሮ በመቅረቱ የመዝናኛ ሱቆች እየሞቱ መሆኑን በሐዘን ገልጾ፣ ሕንፃው የምክር ቤቱ ስለሆነ የሚስተር ግሪምሾ የኪራይ ውል እንዳይታደስና በቦታው በኢንተርኔት የታዘዘ ዕቃ ያለ ሰው የሚወሰድባቸው መረከቢያ ሳጥኖች እንዲተከሉ ኮሚቴዎ ሐሙስ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ድምፅ እንደሚሰጥ ያስታውቃል። ስለ ወጣቱ ትውልድ ስላዘኑልን እናመሰግናለን። ነገር ግን ክቡርነትዎ ከሦስት ሳምንት በፊት ቅዳሜ ወደዚያው ሱቅ ገብተው፣ ለባለቤትዎ የሚሆን የጃዝ ሸክላ ምረጥልኝ ብለው፣ ሚስተር ግሪምሾ በታመመ ዳሌያቸው መሰላል ወጥተው ሦስት አውርደው፣ ሦስቱንም አሰምተውዎት፣ እርስዎ የሁለተኛውን ጀርባ በስልክዎ ፎቶ አንሥተው «እስቲ አስብበታለሁ» ብለው ወጡ። በር ላይ ቆመውም ያንኑ ሸክላ ከኢንተርኔት አዘዙ። እንዴት አወቅሽ ቢሉኝ፣ የስልክዎን ፊደል በዕድሜዎ ልክ ስላሳደጉት ከጀርባዎ ሆኜ ያለ ምንም ድካም አነበብኩት።

ታሪኩ እዚያ ቢያበቃ ዝም እል ነበር። ነገር ግን ዕቃው በመጣ ቀን ከሱቁ ጎን ያለው የቤት ማሻሻጫ ቢሮዎ ዝግ ስለነበር፣ ዕቃ አድራሹ እንደ ደንቡ ለጎረቤት ትቶልዎት ሄደ። ጎረቤትዎ ደግሞ ሚስተር ግሪምሾ ናቸው። ፈርመው ተቀበሉልዎት። ሊወስዱት ሲመጡ እኔ ከፊልሞቹ በስተጀርባ ነበርኩ፤ አብሮ አደግዎ በመሆናቸው እንዲህ ሲሉዎት ሰማሁ፦

«ክላይቭ፣ ይቺን ላንተ ብለው ትተዋት ሄዱ።»

«ኧረ! እእ... የጠረጴዛ ልብስ ናት። ለባለቤቴ።»

«ጎሽ። ፀሐይ ላይ እንዳታቆማት፣ የጠረጴዛ ልብሱ ይጣመምብሃል።»

ክቡር ሆይ፣ መረከቢያ ሳጥኖቹ ለምን እንዳስፈለጉ ያን ዕለት ገባኝ። ሳጥን ዓይን የለውም።

ሁለተኛ፦ ስለ ሱቁ ዕጣ የሕዝብ አስተያየት ለመሰብሰብ መጠይቅ በማዘጋጀትዎ ምስጋናችን ወሰን የለውም። ኢንተርኔት ሱቁን እንዳይገድለው ምን እናድርግ የሚለው ይህ መጠይቅ የሚገኘው በኢንተርኔት ብቻ ነው። ሚስተር ግሪምሾ ኮምፒውተር ስለሌላቸው በእኔ ስልክ ሞላንላቸው። «ወደ ሱቁ በምን ያህል ጊዜ ይመጣሉ?» ለሚለው «በየቀኑ፣ ቁልፉ እኔ ጋ ነው» ብለው መለሱ። ሲያልቅ ስልኬ እንኳን ደስ አለዎት አላቸው፤ ለካ መጠይቁን የሞላ ሁሉ ዕጣ ውስጥ ይገባል፣ ሽልማቱም ከኢንተርኔት መደብር ዕቃ መግዣ ኩፖን ነው። ይህን ያሰበውን ሰው በአካል ላገኘውና እጁን ልጨብጠው እፈልጋለሁ።

ሦስተኛውን አቤቱታ ሳስበው ስለምስቅ በአጭሩ ላቅርበው። ባለፈው ማክሰኞ አንድ ክብ ሰማያዊ የመታሰቢያ ሰሌዳ ይዘው መጥተው ሱቁ ግድግዳ ላይ ሲለኩ ነበር። «በዚህ ስፍራ የከተማችን ተወዳጅ የሙዚቃ ሱቅ ነበር» ይላል። ሚስተር ግሪምሾ ውስጥ ሆነው ሳንድዊች እየበሉ ነበር። ሳንድዊቹን እንደያዙ ወጡ።

«ክላይቭ፣ መቼ ነው የሞትኩት?»

«ኖርማን ደግሞ! ክብር እኮ ነው።»

«ክብሩን ውሰደውና ውሉን አድስልኝ።»

እርስዎም «ትንሽ ወደ ግራ» አሉ፤ ሰሌዳውን ለያዘው ሰው።

በዚህ አጋጣሚ ለመላው የከተማው ታላላቆቼም ምስጋናዬ ይድረሳቸው። «ሱቁ ይዳን» በሚለው የኢንተርኔት አቤቱታ ላይ ሁሉም ፈርመው፣ ሁሉም አልቅሰዋል። የእንግሊዝኛ አስተማሪዬ ሚስስ በርትዊስል «የመጀመሪያ ሸክላዬን የገዛሁት እዚያ ነው!» ብለው ክፍል ውስጥ ዕንባ አውጥተዋል። የመጨረሻውንስ መቼ ገዙ ብላቸው ከክፍል አስወጡኝ። አባቴም ካሴት በእርሳስ እንዴት ይጠመጠም እንደነበር እራት ላይ አንድ ሰዓት ሙሉ አስረድቶናል፤ ሱቁ ግን ከቤታችን አራት ደቂቃ መንገድ ላይ መሆኑን ያወቀው ከእኔ ነው።

እኔ ስልክ አልጠቀምም አልልም። ቀኑን ሙሉ እሰማበታለሁ። ችግሩ ስልኬ ትናንት የወደድኩትን የሚመስል ብቻ ነው የሚያሰማኝ። ሚስተር ግሪምሾ ግን «ነይ አንቺ ልጅ፣ ይሄንን ትጠዪዋለሽ፣ ተቀመጪና ስሚ» ይላሉ። አብዛኛውን ጊዜ እጠላዋለሁ። የብስኩት ፋብሪካውን ሴቶችም ያገኘሁት እንደዚያ ነው።

ስለዚህ ልመናዬ አንድ ነው፤ ሐሙስ በስምንት ሰዓት ውሉ ይታደስ ብለው እጅዎን ያንሡ። ሌላ ምንም አልጠይቅም። እጅዎ ካልተነሣ ግን ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ባንድ መሥርተናል፤ ጊታር አለን፣ ከበሮ አለን፣ የጎደለን የዘፈን ርዕስ ብቻ ነው። አባትዎን ያየ ይፈርዳል።

እጅግ ከፍ ባለ አክብሮትና መጠነኛ በሆነ ዛቻ፣ ጉልበትዎ እስኪድን ሩጫ እንዳይሞክሩ በትሕትና እያሳሰብኩ፣

ዴሊያ ክሮፐር
የወደፊት ደንበኛ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ መስታወቱ ላይ፣ ልክ ማስታወቂያዎን ሸፍኖ፣ ከመለጠፌ በፊት የሦስተኛውን ዘፈን ግጥም ቃል በቃል ልጽፍልዎት ብዬ ማርሽ ባንዶቹ ሥር መሬት ላይ ተቀምጬ ሸክላውን አወጣሁት። «ገንዳውን አደረቅከው ኦርመሮድ፣ ወንበርህ ለምን ረጠበ?» ይላል። ነገር ግን ከሽፋኑ ውስጥ ወረቀት ወደቀ። በሚስተር ግሪምሾ ትልልቅ ፊደል የተጻፈ ነው፤ ቀኑ ሸክላውን የደበቅኩበት ሳምንት ነው። «አይሸጥም። የዴሊያ ነው። የተደበቀ እንዲመስላት እዚሁ ይቆይ» ይላል።

የማንችስተሩ ሰውዬ። ሚስተር ግሪምሾ ሱቁን ሙሉ ማገላበጣቸው ለካ ለማስመሰል ነበር።

ክቡር ሆይ፣ ለጊዜው ባለጌ መሆን አቅቶኛል፤ አንድ ደቂቃ ይስጡኝና ስድቤን እቀጥላለሁ። እንዲያውም አንዱን እግር ረግጦ ሌላውን የሚጎትት የሚስተር ግሪምሾ ኮቴ ወደዚህ እየመጣ ስለሆነ

«ዴሊያ ክሮፐር!»