ከፋይ የለበሰው ማይክሮስኮፕ

ደባርቅ፣ ጥር ፳፫ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.

የልጅ ልጄ፣ የዓይኔ ብርሃን ሠርካለም፣

ለሩቅም ለቅርብም ይታወቅ ዘንድ የሚከተለውን በታላቅ ሐዘን አስታውቃለሁ። ሳይነጋ እየጮኸ ሰፈሩን ሲያስመርር የኖረው የጎረቤታችን የገዱ አውራ ዶሮ ባለፈው እሑድ ከዚህ ዓለም ተለይቷል። ሥርዓተ ቀብሩም ወዳጅ ዘመድ በተገኘበት በገዱ ሌማት ላይ ተፈጽሟል። እኔም አንድ እግሩን ሸኝቻለሁ።

አንቺ ደኅና ነሽ ወይ? እኔ ደኅና ነኝ። ፊደሌ እንዲህ ስለ ገዘፈ አትሳቂብኝ፤ የተቆጣ ሰው አጻጻፉ ይኸው ነው።

አዎ፣ ተቆጥቻለሁ።

በዕድሜ ዘመን ሥራቸው ከተከበሩት የማይክሮስኮፕና የቁስ ምርመራ ሊቃውንት አንዷ መሆንሽን የሰማነው ታኅሣሥ ላይ ነው። አብረውሽ የተሸለሙት ምርኩዝ የያዙ ሽማግሎች ናቸው አሉኝ። አንቺ ምን ቸኮልሽ? የሽማግሎችን ሽልማት አንቺ ከወሰድሽው ለእኔ ምን ተረፈኝ? ፎቶውን በስልክ ሲያቀርቡልኝ «አምሮባታል» አልሁ። ገዱ «ሥራዋ ምንድን ነው?» ቢለኝ፣ አውሮፕላን ከሰማይ እንዳይወድቅ በብረቱ ውስጥ የተደበቀውን ስንጥቅ ፈልጋ ታገኛለች ብዬ አስረዳሁት። «ታዲያ የእኔን ማረሻ ምነው አታይልኝም?» አለ። ለእሱም መልስ ላኪለት።

ወሬው ከተማውን ሲያዳርስ የተማርሽበት ትምህርት ቤት ሊያከብርሽ ተነሣ። ወጉን ታውቂዋለሽ፤ ተሸላሚው ከሌለ ካባውን የቤቱ ታላቅ ይለብስለታል። እኔም ጢሜን ተላጭቼ፣ ነጠላዬን አሳጥቤ ሄድሁ። ከፊት አስቀመጡኝ። አንዱ ባለሥልጣን ተነሥቶ፣ ሠርካለም አንድ ቀን መጥታ የስሜንን ወርቅ ከነጉድጓዱ ታሳየናለች ብሎ ተናገረ። ስለ ብረት ነው እንጂ ስለ ወርቅ መች ተማረች ልል ነበር፤ ግን ሰው ደስ ብሎታል።

ከመድረኩ ጠረጴዛ ላይ፣ በሁለት የላስቲክ አበቦች መካከል፣ ቀይ ከፋይ የለበሰ ነገር ቆሟል። ዙሪያው በወርቅማ ዘርፍ ተጊጧል። ምንድን ነው ብዬ ብጠይቅ፣ ያን ጊዜ ከጀርመን የላክሽው ማይክሮስኮፕ ነው አሉኝ። ከፋዩን ነጋዴው ሸሀቡ ከሱቁ ሰጠ፤ የመጽሐፍ ማኅደር የሚሰፋው ተክለ ማርያም ደግሞ ለቅዱስ መጽሐፍ እንደሚሰፋው አድርጎ፣ ግን መክፈቻ እንኳ ሳያስቀርለት ጠቀመው። ክፉ አስበው አይደለም። አክብረው ነው። አክብረው ቀበሩት፣ ልጄ!

ርእሰ መምህሩ አቶ ዓለምብርሃን ቆሞ «ከመጣባት ቀን ጀምሮ የሰው እጅ ሳይነካው በንጽሕና ጠብቀነዋል» ሲል ጭብጨባው አዳራሹን ሞላው። ደሜ ፈላ። እጅ ሳይነካው! አንቺ ከደመወዝሽ ቆጥበሽ የላክሽው እጅ እንዳይነካው ነው?

ካባውን ይዘው መጡ። «አባባ፣ ትከሻዎን ዝቅ ያድርጉልን» አለኝ አቶ ዓለምብርሃን።

«መጀመሪያ የእሱን አውልቁለት» አልሁ፤ በበትሬ ወደ ማይክሮስኮፑ አሳየሁት። «እሱ ሳይራቆት እኔ አልለብስም።»

ሰው ሳቀ። እሱ ግን ጆሮዬ ሥር ተጠግቶ፣ የመንግሥት ንብረት መሆኑን፣ ቢሰበር የፈረመው እሱ ስለ ሆነ እሱ እንደሚጠየቅ አጫወተኝ። እንግዲያው ልጆቹን ልጠይቅ ብዬ ዞርሁና፣ በዚህ ነገር አንዲት ነገር ያየ ተማሪ እጁን ያውጣ አልሁ። ማንም አላወጣ። ኋላ ከወደ ኋላ የሸሀቡ ልጅ ሳጂዳ ተነሣች።

«ክፍሎቹን በሙሉ በቃሌ አውቃቸዋለሁ፣ አባባ» አለች። «መምህር የሺዋስ በጠመኔ ስሎ አስተምሮናል። ፈተናው ላይም ደፍኛለሁ። እሱን ራሱን ግን ዛሬ ከነልብሱ ማየቴ ነው።»

የሺዋስ የባዮሎጂ አስተማሪ ነው፤ አንገቱን ደፋ። ምስኪን፣ እውነተኛው ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎ እያለ ግድግዳ ላይ ሲስል የኖረ ሰው ምን ይበል? እኔ ግን አልደፋሁም። ቁልፉ በሰው ፊት ለየሺዋስ ካልተሰጠ ካባችሁን ለገዱ አልብሱት፣ እሱ ዶሮ ሞቶበት ሐዘን ላይ ነው አልኋቸው። አቶ ዓለምብርሃን ባለሥልጣኑን አየ፤ ባለሥልጣኑ ሰዓቱን አየ አሉኝ። ቁልፉ ወጣ።

የሺዋስ በምላጭ ስፌቱን ሲተረትር ተክለ ማርያም «ስፌቴን! ስፌቴን!» እያለ ያለቅሳል። የሚታይ ነገር ሲጠፋ ከጋቢዬ አንድ ቁንጫ ይዤ አቀረብሁ፤ ለአገር የሚሆን ነገር ከእኔ አይታጣም። ሳጂዳ መጀመሪያ አየች። ብዙ ቆየች። «እግሩ ጸጉር አለው» አለች ቀስ ብላ፤ ከዚያ ወዲያ ሰልፉን የሚያስቆም አልተገኘም። እኔም በተራዬ አጎንብሼ አየሁ። የቁንጫው የእግር ጸጉር የገዱን ቅንድብ ያህላል! ይህንኑ ጮክ ብዬ ስናገር ተጨበጨበልኝ፤ ያኔ ትከሻዬን ዝቅ አድርጌ ካባሽን ለበስሁልሽ።

አሁን ማይክሮስኮፑ ክፍል ውስጥ ነው፤ ከፋዩ ቁም ሣጥን ውስጥ። ንዴቴ ግን አልበረደም፤ የቀረው ወደ አንቺ ዞሯል። የማይታየውን ሁሉ ፈልጎ ማየት የምታውቂ ሰው፣ ደባርቅ እንዴት ጠፋብሽ? ለፋሲካ ነይ። ስትመጪ ደግሞ ዝም ብለሽ እንዳትገቢ፤ ከአጥሩ ጀምረሽ ስምሽን እየጠራሽ ግቢ። ዘንድሮ ሌባ በዝቷል።

ያሳደገሽ አምላክ ከክፉ ይሰውርሽ። የእጅሽን ሥራ ይባርክልሽ። ከምርኩዘኞቹ ቀድመሽ እንደ ተሸለምሽ፣ ከእነሱ ዘግይተሽ አርጂ።

አያትሽ ሃብተ ጊዮርጊስ

ከፊርማዬ በኋላ ትዝ አለኝ፦ ስለ ገዱ ዶሮ የጻፍሁት አንድም ሐሰት የለበትም። የፈጠርሁት የቅንድቡን ነው። ዓይኔን ሳስጠጋ የታየኝ ከሊማሊሞ ሥር እንደሚነሣው ጉም ነጭ ነገር ብቻ ነበር፤ ሳጂዳ ያለችውን ሰምቼ ቅንድቡን ጨመርሁበት። ማይክሮስኮፑ ደኅና ነው፤ ለልጆቹ ሁሉ ጥርት አድርጎ ያሳያል። የተበላሸ ዕቃ የላክሽ እንዳይመስልሽ።