ከመስመሩ የወጣችው ነጥብ

ሰኞ፣ መጋቢት 3

ዛሬም አራት ቤት ብቻ። ሜትር ይዤ ስገባ እናቶች ይሸሻሉ። የእናትና የልጅ ቁመት የምለካው ለመመረቂያ ጽሑፌ ነው ብላቸው ማን ይመነኝ! ጎረቤታችን እትዬ አበቡ ከሐይቁ ዳር ዓሣ ሸጠው ሲመለሱ ደጃፋቸው ላይ አገኘኋቸው። «ለውትድርና ነው የምትለኪው?» አሉኝ። ልጃቸው ሙላት አሥራ ስምንት ሞልቶታል። «ሙላት ሐይቁን ተሻግሮ ቁንዝላ ሄዷል» አሉ። ከጓሮ ሲያስል ሰማሁት። አልፈረድሁባቸውም።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 4

አዲስ ዘዴ! መጀመሪያ እናቴንና ራሴን ለካሁ፤ ደጃፍ ላይ፣ ሰፈሩ ሁሉ እያየ። በሁለት ጣት በለጥኋት። እናቴ «ጫማሽን አውልቂ!» ብላ ሰውን አሳቀች። ከዚያማ ተሰለፉ። እስከ ምሳ ሠላሳ ቤት! ከሰዓት እትዬ አበቡ ሙላትን ይዘው መጡ። ደረቱ ላይ ነው የሚደርሱት። እሱን ለመለካት በርጩማ ላይ ወጣሁ። «ስሙን እንዳትጽፊ፣ ልጄ» አሉኝ። ጽፌው ነበር። የሁሉንም ጽፌ ነበር።

ረቡዕ፣ መጋቢት 5

የቀበሌው ሊቀመንበር አስጠሩኝ። «ዓርብ ዝርዝሩን ይዘሽ ቅረቢ።» ለምን እንደሆነ አልነገሩኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም። ቤት ገብቼ ቁጥሮቹን ብቻ ገለበጥሁ። ስሞቹ ያሉበትን ደብተር ምድጃ ውስጥ ጨመርሁት። እናቴ አየችኝ። እሳቱን ቆሰቆሰችልኝ።

ሐሙስ፣ መጋቢት 6

ቀኑን ሙሉ በካሬ ወረቀት ላይ ነጥብ ሳደርግ ዋልሁ፤ የእናት ቁመት ወደ ጎን፣ የልጅ ወደ ላይ፤ ሴቶቹና ወንዶቹ ለየብቻ። መምህሬ ሪግሬሽን የሚሉትን መስመር በእጄ አሰላሁ። ሁለቴ ተሳሳትሁ፤ በሦስተኛው ወጣልኝ። እንዴት ደስ ይላል! የረጃጅም እናቶች ልጆች ከእኩዮቻቸው ይረዝማሉ፣ ግን የእናቶቻቸውን ያህል አይደለም። የአጫጭሮቹም ልጆች ያን ያህል አያጥሩም። ሁሉም ወደ መካከል ጠጋ ይላሉ። ለእናቴ ሳስረዳት፣ «ታዲያ ይህን ለማወቅ ይህ ሁሉ ልፋት?» አለችኝ።

ዓርብ፣ መጋቢት 7

ሊቀመንበሩ ወረቀቶቹን አገላበጧቸው። «ስሞቹስ?»

«ለስሌቱ ስም አያስፈልግም፣ ጓድ።»

የወንዶቹን ወረቀት ወደ መስኮቱ አስጠግተው መስመሩን በጣታቸው ተከተሉት። ልብ ያልሁት ያኔ ነው። አንዲት ነጥብ ከሁሉ በላይ ብቻዋን ቆማለች። በጣም አጭር እናት፣ በጣም ረጅም ልጅ። በሰፈራችን እነማን እንደሆኑ የማያውቅ የለም። ጣታቸው እሷ ላይ ደርሶ ቆመ።

«ይቺን ተሳስተሻል» አሉኝ። «ከመስመሩ ወጥታለች። አስተካክያት።»

«እሺ» አልሁ።

ወረቀቶቹን መለሱልኝ። እስከ ሐይቁ ድረስ ወደ ኋላ ሳልዞር ሄድሁ። ሳይገባቸው ቀርቶ ይሁን ገብቷቸው፣ እንጃ። ነጥቧን ግን አልነካኋትም።