የሴትዮዋ ዲስትሪቢዩተርና የላ ፋሮላ ዳገት

ለምወድህ ወንድሜ ለሬይናልዶ፦

እንደምን ከርመሃል? ያ በብርድ የሚነሣብህ ጉልበትህ ተሻለው ወይስ አሁንም እያነከስክ ነው ሥራ የምትሄደው? ባለቤትህ ፒላር እንዴት ናት? ልጆቹስ አድገው ይሆን? እኛ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነን ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን አንተን መዋሸት ስለማይሆንልኝ ተውኩት። ደህና አይደለሁም ወንድም ጋሼ። ፈርቻለሁ። 

ልጄ ማይዴሊስ መንታ ማርገዟን ታውቃለህ። ስምንተኛ ወሯን ይዛለች፤ የደም ግፊቷ ደግሞ ሽቅብ ወጥቷል። ሐኪሟ እዚህ ባራኮዋ መውለድ የለባትም፣ ሐሙስ ጓንታናሞ ሄዳ ትተኛ ብላለች። ጓንታናሞ መሄድ ማለት ላ ፋሮላን፣ ያንን ገደላማ የተራራ መንገድ፣ መውጣት ማለት ነው። መኪና ያለው ነዳጅ የለውም፣ ነዳጅ ያለው መኪና የለውም። የቀረችን ያቺው አባታችን አባባ "ሴትዮዋ" የሚሏት የ1952 መኪናቸው ናት።

እሑድ ልሞክራት ብዬ ብቻዬን ወጣሁ። ሦስተኛው ኩርባ ላይ ሁለት ጊዜ አስነጠሰችና ጸጥ አለች። ፍሬኑን ብረግጠው እየያዘ እየለቀቀ ወደ ኋላ ተንሸራተተች። ገደሉን አንተው ታውቀዋለህ። የኋላ ጎማዋ ከመንገዱ ዳር ድንጋይ ጋር ተላትሞ ባይቆም ኖሮ አልቆልኝ ነበር።  ያን ጊዜ የታየኝ የራሴ ሞት አይደለም፤ ማይዴሊስ የምትተኛበት የኋላው ወንበር ነው። በኋላ ስትነሣልኝ ቀስ እያልኩ ቁልቁል ወረድኩ። ይህን ለእሷ አልነገርኳትም። ስትጽፍላት አደራህን።

ቤት ደርሼ ዲስትሪቢዩተሩን ስፈታው ጉዱ ወጣ። መሐሉ ላይ የሚሽከረከረው ዘንግ ሊነቀል እንደ ደረሰ የልጅ ጥርስ ይወዛወዛል። ፑንቲናው፣ የኤሌክትሪኩን መንገድ የሚከፍትና የሚዘጋው ጥንድ ብረት፣ ተቃጥሎ ጠቁሯል። እሳቱ ነዳጁን ለሚለኩሱት ካንዴላዎች በሰዓቱ እንዴት ይድረስ? ጎረቤታችን ኦስሜል መጥቶ "እንዴ ኒልዳ፣ ወንድምሽ የላከው ዕቃ ተቀምጦ ምን ያስለቅስሻል? የፑንቲና ጣጣ ይቅርብሽ!" አለኝ። እውነቱን ነው ብዬ በፑንቲናው ፋንታ የሚገባውን፣ አንተ የላክህልኝን ኤሌክትሮኒክ ዕቃ ከቁም ሣጥን አወጣሁት።

አቃጠልነው ወንድሜ። በሌላው መኪና ሁሉ ከመኪናው ብረት ጋር የሚታሰረው የባትሪው ኔጌቲቭ ነው፤ በሴትዮዋ ግን ከተሠራች ጀምሮ ፖዘቲቩ ነው። ይህን ከልጅነቴ አውቀዋለሁ። ኦስሜል እንደ ሌላው መኪና አድርጎ ሲያስረው ግን ቆሜ እያየሁ ልብ አላልኩም። ሐሳቤ ሁሉ ገደሉ ጋ ነበር። ቁልፉን እንዳዞርኩ ጭስ ወጣ። አባባ ዓይናቸው ከጠፋ ወዲህ አፍንጫቸው ምንም አያመልጠውም፤ ከበረንዳው ሆነው "የየትኛው ብልህ ሥራ ነው? ሴትዮዬን እንደ ሰው መኪና አሰራችኋት አይደል? ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል!" ብለው ጮኹ። ኦስሜል "ምን ላድርግ አባት፣ መኪናዎም እንደ እርስዎ ግትር ናት" ብሎ ሊያስቅ ሞከረ፤ ማንም አልሳቀም። ጓሮ ገብቼ ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። ልትቆጣኝ መብትህ ነው፣ ብቻ ቁጣህን ለሌላ ቀን አቆይልኝ።

ማግስቱን አባባ ጠሩኝና "ለቅሶሽን ከጨረስሽ ያንን ዲስትሪቢዩተር እጄ ላይ አስቀምጭልኝ" አሉኝ። በጣታቸው ዳብሰው ዘንጉ የሚያርፍበት የነሐስ ቀለበት ማለቁን ነገሩኝ። ብረት የሚቀርጹበት ቶርኖ ቤት ወስጄ አዲስ አስቀረጽኩ። ፑንቲና ከአንድ የድሮ ታክሲ ነጂ ለመንኩ፤ ፑንቲናውን ከመቃጠል የሚጠብቀው ኮንዴንሰር ደግሞ ከሩሲያ መኪና የተፈታ ነው፣ ከድሮው ይሻላል ይላሉ። የፑንቲናውን ክፍተት የለካሁት አባባ አጥፈው በሰጡኝ የሲጋራ ፓኮ ቁራጭ ነው። ሦስት ጊዜ አሰርኩ፣ ሦስት ጊዜ ፈታሁ። በአራተኛው ጆሯቸውን ወደ ሞተሩ አስጠግተው "እህ፣ አሁን አፏን ፈታች" አሉ።

ዛሬ ጠዋት እስከዚያው ኩርባ ሁለት ጊዜ ወጣሁ፤ አልቆመችም። ግን ሦስት ኩርባ መውጣት ተራራውን መውጣት አይደለም። ማይዴሊስ "እማዬ ምነው ዝም አልሽ?" ስትለኝ ጥርሴን አሞኛል እላታለሁ። ምን ይሻለኛል ብዬ አንተን እንዳልጠይቅ፣ መልስህ እስኪደርስ መንታዎቹ ዳዴ ይላሉ።

እዚህ ላይ ብዕሬን አስቀምጬ ነበር። ማይዴሊስ ከጓዳ ጠራችኝ፤ የሽርት ውኃዋ ፈሷል። የፈሩት ይደርሳል ማለት ይኸው ነው። ሐሙስም አልተጠበቀም። ኦስሜል የሰፈራችንን ነርስ አምጥቶልኝ፣ እሷም ከኋላ ከልጄ ጋር ተቀምጣለች። አባባ ደግሞ ማንም ሳያያቸው ግድግዳውን እየዳበሱ ወጥተው የፊቱ ወንበር ላይ ተሰይመዋል። "አባባ ይውረዱ፣ እርስዎ ምን ሊያደርጉ ነው?" ብላቸው "መንገዱን አንቺ እዪው፣ ሴትዮዋን እኔ እሰማታለሁ። ልትቆም ስትል ቀድሜ እነግርሻለሁ" አሉኝ። ላወርዳቸው እጃቸውን ብይዘው ጣቴን እንደ ሕፃን ጨብጠው አልለቅ አሉ። አባባ ሲፈሩ አይቼ አላውቅም ነበር ሬይናልዶ። ይሂዱ ብዬ ተውኳቸው።

ኦስሜል ሞተሩን እስኪያስነሣልኝ ይህን የምጽፈው የመኪናዋ አፍንጫ ላይ ተደግፌ ነው። ፒላርን ሳምልኝ። ቶማስንና ትንሿን ሉሲያን አክስታችሁ ናፍቃችኋለች በላቸው። ፖስታው ላይ አድራሻውን የሚጽፈው ኦስሜል ነው፤ የሰው እጅ ጽሕፈት አይተህ እንዳትደነግጥ። ሞተሩ ተነሥቷል፤ አባባም እያዳመጡ ነው።

እህትህ ኒልዳ
ባራኮዋ፣ ረቡዕ ቀትር ላይ፣ ኖቬምበር 14 ቀን 2012