ሁለቱ ጠረጴዛዎች

ማክሰኞ፣ ጃንዋሪ 16

ጠዋት ኤመት መጥቶ የደጄን በረዶ ጠረገልኝ። የሱ ባርኔጣ ረጥቦ ነበር፤ ወንድሜ ክሌም መስቀያው ላይ ረስቶት የሄደውን አድርጎ ወጣ። "ለእራት እመጣለሁ እማ" አለኝ። ሥጋ በጎመን ቅጠል ጠቅልዬ ጣድኩ።

አመሻሽ ላይ በሩ ተንኳኳ። ፖሊስ ነው፤ ገና ልጅ። ባርኔጣውን ሲያወልቅ ገባኝ። "እባክዎን ይቀመጡ" አለኝ። አልተቀመጥኩም። አንዲት ሴት ጎማዋ ፈንድቶባት... ልጄ ሊቀይርላት ቆሞ... የጭነት መኪና በበረዶ ተንሸራቶ...

ድስቱ አረረ። ምድጃውን ያጠፋልኝ ፖሊሱ ነው።

ቅዳሜ፣ ጃንዋሪ 20

ቀበርነው።

ረቡዕ፣ ጃንዋሪ 24

ቴሌቪዥን ላይ የልጄ ፎቶ። ክሌም የሚያየው ጣቢያ፣ ጀግና ነው፣ የረዳት ሴት ጥላው ሸሸች ይላል። ሴት ልጄ ጆሊን የምታየው ደግሞ፣ ሊያስፈራራት ነው የቆመው ይላል። ምክንያታቸው ምንድን ነው? ኤመት ያደረገው የክሌም ባርኔጣ ላይ የአንዱ ፓርቲ ጽሑፍ አለ፤ የሴትዮዋ መኪና ላይ የሌላው።

ክሌም እኔ ቤት እያለ ጆሊን ደውላ ጮኸችበት። "የወንድሜን ስም ያጠፋው ያንተ ባርኔጣ ነው፣ አጎቴ።" ክሌም ደግሞ፣ "ያጠፋውስ የናንተ ጣቢያ ነው። እኔ ባርኔጣ ነው የረሳሁት።" ዘጋባት።

አንድ ሰው እንኳ ኤመት ምን ይወድ ነበር ብሎ አልጠየቀኝም።

ሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 12

ፊልም ሠሪ መጣች። ፔይጅ ትባላለች፤ ትሁት ናት። ስለ ከተማችን መከፋፈል ነው የምትሠራው። ባዶ ወንበር አጠገብ አስቀመጠችኝ። የባርኔጣውን ነገር ከነመስቀያው ነገርኳት። አንገቷን ነቀነቀች።

"ይገባኛል፤ ግን ታሪኩን ያወሳስበዋል" አለች።

ወንበሩ የኤመት አልነበረም። እሱ ሁሌም መስኮቱ ጋ ነው የሚቀመጠው። አልነገርኳትም።

ዓርብ፣ ፌብሩዋሪ 16

የጾሙ የመጀመሪያ ዓርብ። በጾሙ ዓርብ ዓርብ ሥጋ ስለማንበላ፣ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ዓሣ ተጠበሰ። በየዓመቱ የሚጠብሰው ኤመት ነበር፤ ዛሬ ሽርጡን ክሌም አሰረ። ጆሊን ሰላጣ ታድላለች። አልተያዩም።

ፔይጅ ካሜራዋን ይዛ መጣች። "ለአንድ አፍታ ብቻ፣ የአንዱ ፓርቲ ሰው በዚህ፣ የሌላው በዚያ ትቀመጡልኝ? ከላይ ሲታይ ግልጽ ይሆናል።"

እየሳቁ ተነሡ። ጠረጴዛዎቹን ለያዩ። አሮጊቷ ሮዛሊያ፣ "እኔ የምመርጠው የጎመን ሰላጣውን ነው፤ ወዴት ልሂድ?" አለች። ሁሉም ሳቀ።

እኔን መሃል አስቀመጡኝ፣ ብቻዬን።

ዓርብ፣ ፌብሩዋሪ 23

ካሜራው የለም። ሰው ገብቶ ባለፈው የተቀመጠበት ተቀመጠ። ማንም አላዘዘውም። የሚስቅም የለም። ሮዛሊያ ሳህኗን ይዛ ቆማ ቆየች፤ በኋላ አስጠቅልላ ወደ ቤቷ ሄደች።

እኔ የት ልቀመጥ? ወጥ ቤት በራፍ ላይ ቆሜ በላሁ።

ዓርብ፣ ማርች 8

እንደዚያው።

ዓርብ፣ ማርች 29

ስቅለት። የመጨረሻው የዓሣ ቀን።

አንዲት ሴት በሩ ላይ ቆመች። ወፍራም ካፖርት፣ ጓንት ያጠለቀችው በአንድ እጇ ብቻ። "ወይዘሮ ቨርና? ዶሪን ነኝ። ጎማዬን... ልጅዎ።"



"አልሸሸሁም" አለችኝ። "አምቡላንሱ እስኪመጣ እጁን ይዤ ነበር። 'እናቴ እራት ትጠብቀኛለች' ነው ያለኝ። ደጋግሞ።"

ከዚያ ዞር ብላ ጠረጴዛዎቹን አየች። "እኔ የት ነው የምቀመጠው?"

 ሄጄ አንዱን ጠረጴዛ መግፋት ጀመርኩ። የብረት እግሩ ወለሉን እየፋቀ ጮኸ። ሰው ሁሉ ያያል፤ አንድም አልተነሣ። ክሌም ከነሽርጡ መጣ።

"ልቀቂ፣ ወገብሽን ትሰብሪዋለሽ።"

"አለቅም።"

"ሁልጊዜም ግትር ነሽ።" አንዱን ጫፍ አነሣ። ሌላው ጫፍ ከበደኝ፤ ከዚያ ቀለለ። ጆሊን ይዛዋለች። ከሌላው ጠረጴዛ ጋር ገጠሙት።

ክሌም ለዶሪን ዓሣ አመጣላት። ሳህኑን ካስቀመጠ በኋላ አልሄደም። "የኤመትን ያህል አይሆንም" አለ። "ትንሽ ደርቋል።"

"ደህና ነው" አለች።

ጆሊን ሰላጣ ጨመረችላት። እኔም ተቀመጥኩ። ከዚያ ዕለት ወዲህ ቁጭ ብዬ ምግብ ስጨርስ የመጀመሪያዬ ነው።

እሑድ፣ ሜይ 5

ፊልሙ ወጣ። ብቻዬን አየሁት። ሁለቱ ጠረጴዛዎች ከላይ፣ በመሃል እኔ። ባርኔጣው የማን እንደነበር የለም። ዶሪንም የለችም። ጠረጴዛው የተገጠመ ዕለትማ የቀረጸ ማን አለ?

ጆሊን አልደወለችም። ክሌም ግን ትናንት ፖሊስ የመለሰልኝን ባርኔጣ ሊወስድ መጥቶ፣ እጁ መስቀያው ላይ ቀረ። ሳይወስደው ተመለሰ። ከበሩ ላይ፣ "ጆሊን እንዴት ናት?" አለኝ። ከጃንዋሪ ወዲህ ስሟን ሲጠራ አልሰማሁም ነበር።

"ራስህ ጠይቃት" አልኩት። ስልኳን እንደሚያውቀው አውቃለሁ።

ይህን የምጽፈው ለራሴ ነው፤ ግን አንድ ቀን ሌላ ሰው ቢያገኘው... እባክህ፣ እባክሽ፣ ልጄን በጸሎት አስቡልኝ። ኤመት ይባላል። ፊልሙን አይታችሁ ከሆነ ያያችሁትን ተዉት። ዓርብ ዓርብ ለመጣ ሁሉ ዓሣ ይጠብስ ነበር። ለእራት እየመጣ ነበር። በደህና ይግባ በሉልኝ።